«ምንም አላገኘንም» ለተባላችሁ የቅንጦት መኪና ባለቤቶች

ይህን የምጽፈው እንደኔ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጥቁር መኪና ይዘው ተሳፋሪ በማመላለስ ለሚሠሩ ወገኖች ነው። ለእኛ የቅንጦት መኪና ቅንጦት አይደለም፤ የእንጀራ ዕቃ ነው። ሥራ የሚሰጠን ድርጅት ጥቁር ቀለም፣ የቆዳ ወንበርና ስም ያለው መኪና ስለሚጠይቅ ነው እንጂ ለራሳችን ብንመርጥማ ብዙዎቻችንን ካምሪ ይበቃናል። ለሥራም ያዛችሁት ይሁን ለክብር፣ ውድ መኪናችሁን ዲለር ወስዳችሁ «ምንም አላገኘንም» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ ከዚህ በታች ያለው ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ መኪናው ያደረገውን በትክክለኛው ቃል አስጽፉ። የቀረው መብት ሁሉ የሚመዘዘው ከዚያ ወረቀት ነው።

መኪናዬ የጀርመን ኤስዩቪ ነው። የፋብሪካውንም የዲለሩንም ስም አልጠራም፤ ሌላ ስም ያለው መኪና ይዘው፣ ሌላ ዲለር ሄደው፣ ያው የኔው ነገር የደረሰባቸው ጓደኞች አሉኝ። የገዛሁት ያገለገለ ነው፤ የፋብሪካው ዋራንቲ ግን ገና አላለቀም ነበር። አብዛኞቹ የጀርመን የቅንጦት መኪኖች እዚህ አገር የ4 ዓመት ወይም የ50,000 ማይል ዋራንቲ አላቸው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ኤርፖርት ለሚመላለስ ሰው ቀድሞ የሚሞላው ምንጊዜም ማይሉ ስለሆነ፣ ትንሽ ችግር አይቶ «እስቲ ይቆይ» ማለት ገንዘብ መጣል ነው።

መጀመሪያ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። ሬዲዮው ጠፍቶ ይመለሳል፤ የኋላው መስኮት ማንም ሳይነካው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ማሞቂያ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተዋል። እንዲህ ያለውን ሁላችንም የጀርመን ጠባይ ነው ብለን እናልፈዋለን። አንድ ጠዋት ግን፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ፣ ከደለስ ኤርፖርት አንዲት እናት ጭኜ ወደ ከተማ ስመጣ በግራው መስመር ላይ እንዳለሁ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ባንዴ ቦግ አለ። ነዳጅ ብረግጥ መልስ የለም፤ ሞተሩ ጠፍቷል። መሪው ከበደ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጡሩምባውን ያንባርቅብኛል።

ይህ የሚደርስበት ሰው ቀድሞ ቢያውቀው የሚጠቅመው ነገር አለ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን አብሮ አይጠፋም። ፍሬን መርገጥን የሚያቀልለው ሰርቮ ውስጥ የቀረ የመሳብ ኃይል (ቫክዩም) ስላለ አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ ይይዛል፤ እየለቀቃችሁ ደጋግማችሁ ከረገጣችሁት ግን ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ አጥብቆ ረግጦ ሳይለቁ መያዝ ነው። መሪውም ይከብዳል እንጂ አይቆለፍም፤ በሁለት እጅ ከተጎተተ ይታዘዛል። የአደጋ ፍሬቻውን አብርታችሁ፣ ፍጥነቱ ሳያልቅ፣ ወደ ዳር ውጡ። የተገላቢጦሹ ቢመጣ፣ ማለት ነዳጁ ተይዞ መኪናው አልቆም ቢል፣ ካምቢዮውን ኒውትራል ላይ አድርጉት። ሞተሩ ቢጮህ ይጩህ፤ እናንተ ግን ትቆማላችሁ።

ዳር ይዤ ትንሽ ቆይቼ ሳስነሣው ተነሣ። ተነሥቶም ምንም እንዳልተፈጠረ ሄደ። የዚህ ዓይነት ብልሽት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ዲለር በር ላይ ሲደርስ ጨዋ ይሆናል።

ዲለሩ ጋ የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነበር፤ ቡናም ጋበዘኝ። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። እሱ እየሰማ ይጽፋል። መኪናውን ስመልስ የሰጡኝን ወረቀት ቤት ወስጄ ሳነበው እንዲህ ይላል፦ «ደንበኛው የሞተር መብራት በርቶ ነበር ይላል»። ከሥሩ ደግሞ፦ «ችግሩ ሊታይ አልቻለም፤ የተመዘገበ ኮድ የለም»። እኔ በአውራ ጎዳና ላይ ሞተር ጠፋብኝ ብያለሁ፤ ወረቀቱ የሚያውቀው አንዲት መብራት ብቻ ነው። እንደገና ጠፍቶብኝ ስመለስም ያው ወረቀት፣ ያው ቃል።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የማሠራበት ሐበሻ መካኒክ አለ፤ አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ አሁን ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ ጋሼ። ወረቀቶቹን አሳየሁት። መኪናውን ከማየቱ በፊት ወረቀቱን አነበበና «ስማ፣ ይሄ ያንተ ችግር አይደለም የተጻፈው» አለኝ። «ሞተር መጥፋት ደኅንነት ነው። መብራት መብራት ነው። ሁለቱን አንድ መዝገብ ላይ አያስቀምጧቸውም።»

ከዚያ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ምንጣፍ በእጁ ዳበሰ። ላዩ ደረቅ ነው። የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጎ፣ የፕላስቲኩን ክዳን ነቅሎ፣ ምንጣፉን ከነስፖንጁ ወደ ላይ አነሣው። ስፖንጁን ሲጨምቀው ውሃው በክርኑ ላይ ወረደ። ከሥር፣ ከብረቱ ወለል ጋር ተጣብቃ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን አለች፤ ወደሷ የሚገባውን ሶኬት ሲነቅለው ከመርፌዎቹ ግማሹ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ለብዙ ዓመት በሻንጣ ውስጥ የተረሳ የመዳብ ሳንቲም የሚመስል አረንጓዴ። ጋሼ ውሃ በጠርሙስ ይዞ መጣና ሳንሩፉን ከፍቶ ጥግ ላይ ጥቂት አፈሰሰ። ውሃው በፊት ለፊቱ ጎማ አጠገብ ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው በግራ በኩል ብቻ ወጣ። የቀኙ ውስጥ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንሩፍ ያለው መኪና ጣሪያው ውሃ የማያስገባ አይደለም፤ የገባውን በአራቱ ማዕዘን ባሉ ቀጭን ቱቦዎች ወደ ውጭ የሚያስወጣ ነው። ቱቦው በቅጠል ሲደፈን ወይም መጋጠሚያው ሲላቀቅ ውሃው በመስተዋቱ አጠገብ ባለው ምሰሶ ውስጥ ወርዶ ምንጣፍ ሥር ይተኛል። ብዙ ፋብሪካዎች ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስቀምጡት ወንበርና ምንጣፍ ሥር ነው። ሰፊ የመስተዋት ጣሪያ ያለው ውድ መኪና የያዛችሁ ሁሉ፣ ዝናብ ካደረ በኋላ የሻጋታ ሽታ ከሸተታችሁ፣ መስተዋቱ ከውስጥ በኩል ጭጋግ ከያዘ፣ ሽቶ አትግዙ፤ ምንጣፉን አንሡ። ላዩን መዳበስ አይበቃም።

ጋሼ ሊጠግነው ይችል ነበር። አልጠገነውም። ፎቶ አነሣ፣ ቪዲዮ ቀረጸ፣ ምንጣፉን እንደነበረ መለሰና «ዋራንቲህ እያለ ለምን ከኪስህ ትከፍላለህ፤ ይልቅ ሂድና አስጽፍ» አለኝ።

በቪዲዮው ታጥቄ ስሄድ ዲለሩ ጋ ሌላ መልስ ጠበቀኝ፦ «ቱቦው በቅጠል ከተደፈነ የባለቤቱ እንክብካቤ ጉድለት ነው፤ ዋራንቲ አይሸፍነውም።» እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚከፍለው። እኔን ያዳነኝ አንድ ወረቀት ነው። ፋብሪካዎች ተደጋጋሚ ችግር ሲያዩ ለዲለሮቻቸው የቴክኒክ ማስታወቂያ ይልካሉ፦ ይህን ምልክት ካያችሁ ይህን ፈትሹ፣ ይህን ለውጡ የሚል። ሕጉ ቅጂውን ለመንግሥት እንዲያስገቡ ስለሚያስገድዳቸው ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር (ኤንኤችቲኤስኤ፣ በአፍ «ኒትሳ» የሚሉት) ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የመኪናውን ዓመትና ሞዴል ሲያስገቡ ሪኮሉ (ፋብሪካው ጉድለት ያለባቸውን መኪኖች ለነፃ ጥገና መጥራቱ)፣ የሰዎች አቤቱታው፣ ምርመራውና ይህ የፋብሪካ ማስታወቂያ በየክፍሉ ይወጣል። የኔ ሞዴል ስለ ሳንሩፉ ቱቦ መጋጠሚያ መላላት የሚናገር አንድ አለው። አትሜ፣ ቁጥሩን በእስክሪብቶ አክብቤ ሰጠኋቸው። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ሶኬቱም ሳጥኑም ቱቦውም በዋራንቲ ተቀየረ።

ልብ በሉ፣ ይህ ማስታወቂያ ሪኮል አይደለም። ዋራንቲው ካለቀ በነፃ እንዲሠሩላችሁ አያስገድድም። ግን «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም» የሚለውን አፍ ይዘጋል። ዋራንቲው በቅርቡ ያለፈ ሰው ወደ ዋናው ፋብሪካ የደንበኞች ክፍል ደውሎ፣ ቁጥሩን ጠቅሶ፣ ከወጪው የተወሰነውን እንዲሸፍኑለት ሲጠይቅ የሚሳካበት ጊዜ አለ። የጥገና ደረሰኞቹን አሟልቶ የያዘ ሰው ዕድሉ የተሻለ ነው።

አሁን ስለ ቃሉ። ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍላችሁ የምትጠይቁት መኪናው ምን እንዳደረገ ነው፤ ምን ይመስለኛል የሚለው አይደለም። ስንት ማይል ስትሄዱ እንደነበር፣ ሞተሩ ጠፋ ወይስ ኃይሉ ቀነሰ፣ መሪው ከበደ ወይ፣ ፍሬኑ ወደ ታች ሰጠመ ወይ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ መኪናው ሞቆ ነበር ወይስ ገና መነሣቱ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። «የሞተር መብራት» ብቻ ከተጻፈ «ጌታዬ፣ እኔ ያልኩት ይህን ነው፣ እባክህ ጨምርበት» በሉት። ልጁ ላይ መቆጣት አያስፈልግም፤ እሱ የሚጽፈው ለመካኒኩ በሚያጥር መንገድ ነው። «ምንም አላገኘንም» ብለው ቢመልሱትም ወረቀቱን ሳትቀበሉ አትውጡ። ባዶ የሚመስለው ወረቀት ቀኑንና ማይሉን የያዘ ምስክር ነው። ችግሩ የጀመረው በዋራንቲ ዘመን መሆኑን ከሱ ሌላ የሚያስረዳላችሁ የለም።

በአፍ የተነገረ ቅሬታ የት እንደሚቀር ለማወቅ በነሐሴ 2009 ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ አጠገብ ሳንቲ የምትባል ከተማ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል (ቀኑን እዚህ አገር እንደሚቆጠረው ነው የምጽፈው)። አንድ ቤተሰብ መኪናቸው ጥገና ላይ ስለነበር ዲለሩ በውሰት በሰጣቸው ሌክሰስ ኢኤስ 350 ሲሄዱ ነዳጁ ተይዞ መኪናው አልቆም አለ፤ አራቱም አለቁ። ምርመራው ያገኘው ውስጡ የተነጠፈው ወፍራም የጎማ ምንጣፍ የሌላ ሞዴል መሆኑን፣ የነዳጅ ፔዳሉን የያዘውም እሱ መሆኑን ነው። ከዚያ ቤተሰብ በፊት ያንኑ መኪና ተውሶ የነዳ ሌላ ደንበኛ ፔዳሉ ምንጣፉ ላይ ተይዞበት ነበር፤ መኪናውን ሲመልስ ፊት ለፊት ለተቀመጠችው ሠራተኛ ነግሯታል። ነገሩ ግን እዚያው ቀረ። ከአደጋው በኋላ ቶዮታ 3.8 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን በምንጣፉ ምክንያት ሪኮል አደረገ፤ በ2014 ደግሞ ስለ ነዳጅ ፔዳል ጣጣው የሚያውቀውን ደብቋል ተብሎ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሌክሰስ በአስተማማኝነት መለኪያዎች ላይ ከዓመት ዓመት ከላይ የሚቀመጥ ስም ነው። የማይበላሽ መኪና ማለትና የማይገድል መኪና ማለት ለየቅል መሆናቸውን እኔ የተረዳሁት ከዚህ ታሪክ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከገበያ የተገዛ ምንጣፍ በዋናው ምንጣፍ ላይ ደርባችሁ የምትነዱ ካላችሁ አሁኑኑ አንሡት። ከእኛ ሾፌሮች መካከል በክረምት ይህን የማያደርግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ብልሽት ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ የሚነካው ኪሴን ነው ወይስ ነፍሴን? መልሱ መንገዱን ይለያል።

ኪስ የሚነካው ብዙ ነው። በአየር የሚቆም ሳስፔንሽን ያለው መኪና ሌሊት አድሮ አንድ ጎኑ ተኝቶ ካገኛችሁት ብዙውን ጊዜ መኪናውን የሚሸከመው የአየር ከረጢት ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ቶሎ ካልተቀየረ መጭመቂያው ያለ ዕረፍት ሲነፋ ይቃጠልና ወጪው እጥፍ ይሆናል። ቢኤምደብሊው ኤን63 የሚለው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሁለቱን ቱርቦዎች በሲሊንደሮቹ መካከል ሸለቆ ውስጥ ስላስቀመጠ ሙቀቱ ላስቲኩን ያደርቃል፣ ዘይት ይበላል፤ ፋብሪካው ራሱ በ2014 መጨረሻ ለነዚህ ሞተሮች የተለየ የእንክብካቤ ፕሮግራም አውጥቷል። አንዳንድ የኦዲ ሞተሮች የካቴናው መወጠሪያ የተሠራው ከኋላ በኩል፣ በካምቢዮው አቅጣጫ ስለሆነ እሱን ለመድረስ ሞተሩ መውረድ አለበት። ይህ ሁሉ ያማል፤ ግን የገንዘብ ሕመም ነው። እንዲህ ላለው ፍቱኑ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ያንን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ማሳየት ነው። ደግሞም በ1975 የወጣው የፌዴራል የዋራንቲ ሕግ ዘይት ሌላ ጋራዥ ስላስቀየራችሁ ብቻ ዋራንቲያችሁን መሰረዝ አይፈቅድም። «ሐበሻ ጋ ካሠራህ ዋራንቲህ ይጠፋል» የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ ደረሰኙን ያዙ እንጂ።

ነፍስ የሚነካው ሲሆን ግን ከዲለሩ በላይ ያለ ክፍል አለ። ኒትሳ ላይ ማንኛውም ሰው አቤቱታ ማስገባት ይችላል፤ በድረ ገጹ ወይም በ1-888-327-4236 ደውሎ። የሚጠይቁት የሻንሲ ቁጥሩን (17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በመስተዋቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ይነበባል)፣ የሆነበትን ቀን፣ ፍጥነቱን፣ የተጎዳ ሰው እንዳለ፣ እና የሆነውን በራሳችሁ ቃል ነው። ስማችሁ አይወጣም፤ ጽሑፉ ግን ለሁሉም ይታያል። እንግሊዝኛው ያማረ መሆን የለበትም። «ፍሬን ስረግጥ ከታች የአየር ሹክሹክታ ይሰማል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል» ያለ ሰው ሦስት ገጽ ከተማረረ ሰው ይበልጥ ይረዳቸዋል።

አንድ አቤቱታ ምን ይፈይዳል ለምትሉ፦ ቴስላ ሞዴል ኤስ መካከለኛው ስክሪን ሲጠፋ የኋላ ካሜራው፣ የመስተዋት ጭጋግ ማጥፊያውም አብረው ይጠፉ ነበር። ሰበቡ መረጃ የምትይዘው ትንሽ ቺፕ ብዙ ጊዜ እየተጻፈባት ማለቋ ነው። ኒትሳ በሰኔ 2020 ምርመራ ሲከፍት በእጁ የነበረው 11 አቤቱታ ነበር። በ2021 መጀመሪያ 135,000 ገደማ ሞዴል ኤስ እና ሞዴል ኤክስ ሪኮል ተደረጉ።

እኔም የኔን ሞልቼ አስገብቻለሁ፤ መኪናው ከተሠራ በኋላ ማለት ነው። በኔ ሞዴል ላይ በዚያ ጉዳይ ሪኮል አልወጣም፤ ላይወጣም ይችላል። ሳንሩፏን ግን ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ጋሼ በውሃ ይፈትሽልኛል።

የወጣ ሪኮል ካለ መብታችሁ ሰፊ ነው። ጥገናው በነፃ ነው፤ ሪኮሉ ሲወጣ መኪናው መጀመሪያ ለተሸጠለት ሰው ከተሸጠ 15 ዓመት ካላለፈው፣ ስንተኛ ባለቤት ብትሆኑም፣ ስንት ማይል ቢነዳም። ደብዳቤው የሚላከው መኪናው በተመዘገበበት አድራሻ ስለሆነ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ቤት የቀየረ ሰው ላይደርሰው ይችላል። ሪኮሉ ከመውጣቱ በፊት በኪሳችሁ አሠርታችሁት ከነበረ ደረሰኝ አቅርባችሁ ገንዘቡን የምታስመልሱበት መንገድም አለ። የሻንሲ ቁጥሩን በዓመት ሁለት ጊዜ ኒትሳ ላይ መፈተሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንዱ ሪኮል «እስቲ በሚቀጥለው ሰርቪስ» የሚባል አይደለም። በግንቦት 2022 ሜርሴዲስ በ2004 እና በ2015 መካከል የተሠሩ ኤምኤል፣ ጂኤልና አር ክላስ መኪኖቹን፣ በዓለም ዙሪያ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ሪኮል ሲያደርግ አሜሪካ ውስጥ ላሉት 292,000 ገደማ ባለቤቶች «እስኪታይ ድረስ አትንዱት» ብሏቸዋል። የፍሬኑ ሰርቮ ላይ የተጠለቀው የጎማ ሽፋን ውሃ ያስቀራል፤ ውሃው ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገው ሰርቮ ደግሞ በጠንካራ ፍሬን ጊዜ ፔዳሉን ከፍሬኑ ሊለያየው ይችላል። የሚሰጠው ምልክት ሲረግጡት የሚያፏጭ አየርና የለሰለሰ ፔዳል ነው። ያ መኪና ዛሬም በርካሽ እየተሸጠ ሳየው ሆዴን ይበላኛል።

ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት እዚህ አገር ሕጉ ቀዳዳ ስላለው ነው። አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሠራ መሸጥ አይፈቀድም። ከሰኔ 2016 ጀምሮ 35 እና ከዚያ በላይ መኪና ያላቸው አከራዮችም ማከራየት አይችሉም። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር ግን በፌዴራል ሕግ አልተከለከለም። የሻጩ ፈገግታ ምንም ቢያምር የሻንሲ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ እዚያው ፊቱ ፈትሹ።

ለሥራ የምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ለብቻው ያዙ። ዲለሩ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ የሚያቀርብላችሁ ተጨማሪ የጥገና ውል ብዙውን ጊዜ ለንግድ የሚውል መኪናን አይሸፍንም፤ ይህ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። አንድ ጓደኛዬ ካምቢዮው ከተቃጠለበት በኋላ ነው ያወቀው። ከመፈረማችሁ በፊት «ተሳፋሪ እጭንበታለሁ» በሉና መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። የሎሚ ሕግ የሚሉትም (ጥገና እምቢ ያለውን አዲስ መኪና ፋብሪካው እንዲለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ የሚያስገድደው) ቢሆን መከበሪያው ሰፊ አይደለም፦ በሜሪላንድ ከ24 ወር ወይም ከ18,000 ማይል ያልበለጠ መኪና፤ በቨርጂኒያ ከ18 ወር ያልበለጠ፣ ጉልህ በሆነ መጠንም ለግልና ለቤተሰብ የሚነዳ። በዚያ ውስጥ ከገባችሁ ግን ለደኅንነት የሚያሰጋ ከባድ ብልሽት ሲሆን እንደ ሌላው ብልሽት ተደጋጋሚ ሙከራ አይጠብቅም፤ ቨርጂኒያ አንድ ያልተሳካ ጥገና ይበቃታል፣ ሜሪላንድም ለፍሬንና ለመሪ እንደዚሁ። ያንን የሚያስረዳላችሁ ምን መሰላችሁ? ያው የጥገና ወረቀት ነው። «መብራት በርቷል» ከተባለበት መሪና ፍሬን አይወጣም።

አገር ቤት ላሉትም አንድ ነገር ልበል። ነዳጅ የሚጠቀም መኪና ማስገባት ከመከልከሉ በፊት ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሄዱ ብዙ አሮጌ የቅንጦት መኪኖች አዲስ አበባ ላይ ይሽከረከራሉ። የሻንሲ ቁጥራቸው ግን የአሜሪካ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ መፈተሽ ይቻላል፤ ሊብሬው ላይ አለ፣ በቴሌግራም ፎቶውን ይላኩላችሁ። ከዱባይ የሄደ ከሆነ ኒትሳ አያውቀውም፤ የፋብሪካውን የራሱን ገጽ ሞክሩ። ከሳዑዲ ከሆነ የአገሩ ንግድ ሚኒስቴር የራሱ የሪኮል ማውጫ አለው።

በተለይ የምትፈልጉት ታካታ የሚለውን ስም ነው፤ ኤርባግ ይሠራ የነበረ የጃፓን ድርጅት ነው። የኤርባጉ ማስነሻ ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት እያረጀ ሲሄድ ትራሱን መንፋቱ ቀርቶ የብረት ዕቃውን ያፈነዳውና ስብርባሪው ፊትና አንገት ይመታል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ማስነሻዎች ተጠርተዋል፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቢኤምደብሊው፣ ሜርሴዲስ፣ ኦዲ፣ ሌክሰስ፣ ኢንፊኒቲ፣ አኩራ ሁሉም ዝርዝሩ ውስጥ አሉበት። ቢኤምደብሊው በግንቦት 2023 በ2000 እና በ2006 መካከል የተሠሩ 90,000 ገደማ 3 ሲሪስ፣ 5 ሲሪስና ኤክስ5 መኪኖች ያሏቸውን ሰዎች እስኪቀየር አትንዱ ብሏል። የዘመዳችሁ መኪና ከነዚህ ሆኖ ከተገኘ ሰፈር ጋራዥ ወስዶ መሪውን እንዳያስፈታ፣ ከተጋጨ መኪና የወጣ ኤርባግም ገዝቶ እንዳያስገባ ንገሩት፤ የሚገዛው ራሱ ታካታ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩንና የሪኮሉን ቁጥር ይዞ የፋብሪካውን ወኪል በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።